«ቀ»ን የሚለይ ማይክ

ማይክ ልገዛ የተነሣሁት ዕቃ ወድጄ አይደለም። ቅዳሜዬ ሊወሰድብኝ ስለነበረ ነው።

ከአሜሪካዋ ኮሎምበስ ከተማ በስተምሥራቅ፣ በጎማ ቤትና በልብስ ማጠቢያ ቤት መሀል የተሸጎጠች አንዲት የሐበሻ ምግብ ቤት አለች። በአዘቦት ቀን ሰው ጥብስ ይበላባታል። ቅዳሜ ሲመሽ ጠረጴዛዎቹ ወደ ግድግዳ ይገፉና ክለብ ትሆናለች። መድረኳ አንድ ኪቦርድና ሁለት ሰው ይይዛል፤ ሦስተኛ ከተጨመረ አንዱ ሽንት ቤቱ በር ላይ ቆሞ መጫወቱ ነው። እኔ እዚያ እዘፍናለሁ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ዌርሃውስ በሚሉት የዕቃ መጋዘን ውስጥ ዕቃ የሚያነሣውን ፎርክሊፍት እነዳለሁ። እሱ ሥራ ነው፣ የሚጻፍ ነገር የለውም።

ዘሬ አዝማሪ ነው። ሰው ከኋላዬ ከሚለው እኔው ከፊት ልበለው ብዬ ነው የጻፍኩት። ቅዳሜ በእኔ ዘፈን ትከሻቸው እስኪወልቅ የሚጨፍሩ ሰዎች እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ሲያገኙኝ ሰላምታቸው ያጥራል። ልጃችሁን ዳሩልኝ ብል እሺ የሚል አንድም የለም። ለምጄዋለሁ። ማሲንቆዬ ሬይኖልድስበርግ ቤቴ ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጧል፤ የምግብ ቤቱ ባለቤት «ዘመናዊ ይሁንልኝ፣ ኪቦርድ ይበቃል» ስላለ። ማሲንቆ ሲቀር ሁለቱም እጆቼ ሥራ ፈቱ። ቀስት ይገፋ የነበረ እጅ ምን እንደሚይዝ ስለማያውቅ ማይኩን እንደ ዶሮ አንገት ጨምድዶ ይይዛል።

ያቺን ቤት የሚሞላት «ተቀበል» ነው። አንዱ ከተቀመጠበት ሆኖ «ተቀበል» ይለኛል፣ ስንኝ ይሰጠኛል፣ እኔ በዜማ መልሼ ለቤቱ እሰጣለሁ። ሰው የሚመጣው እኔን ሊሰማ አይደለም። የራሱን ቃል በሌላ ሰው አፍ ሊሰማ ነው። የወደደውን ያስመሰግናል፣ የጠላውን ያስወጋል። ኋላ ነገር ሲመጣ ሰጪው «እኔ መች ዘፈንኩ» ይላል፣ እኔ «እኔ መች ገጠምኩ» እላለሁ፣ ነገሩ ጌታ አጥቶ ይቀራል። አዝማሪ የተሰጠውን እምቢ አይልም፣ አይመርጥም። ከመረጠ የአንዱ ወገን ሆነ ማለት ነው።

አንድ ቅዳሜ አንድ የትራክ ሾፌር፣ ደንበኛችን ነው፣ ባለቤቱ ራሱ ጠርሙስ ይዞ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ሲዞር አየና ሊያሞግሰው ፈለገ። «ተቀበል» አለኝ። ተቀበልኩ፦

ወዳጅ አክባሪ ነው ፊቱ ይበራል፣
የዚህ ቤት ጌታማ ሲቀዳ ያምራል።

ቀላል ሙገሳ ናት። ሰውዬው መጠጥ ሲቀዳ ደስ ይላል ነው። ማዕዘኑ ጋ የተቀመጡት ሰዎች ግን ጠረጴዛ እየደበደቡ ሳቁ። ባለቤቱ ጠርሙሱን እንደያዘ ቀጥ ብሎ ቆመ። ምን እንደተፈጠረ አልገባኝም። ሁለተኛ ደገምኩት። የባሰ ተሳቀ። ኪቦርድ ተጫዋቹ ከጎኔ ሆኖ በዝግታ ራሱን እየነቀነቀ ሌላ ዜማ ጀመረ።

የገባኝ ሰኞ ነው። ዌርሃውስ ውስጥ ለዕረፍት ብሬክ ላይ ሳለሁ ኪቦርድ ተጫዋቹ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ቪድዮህን አይተኸዋል?» አለኝ። አንዱ በስልኩ ቀርጾኝ ኖሮ በየግሩፑ ተበትኗል። ላከልኝ፣ ከፈትኩት። የራሴ አፍ፣ የራሴ ድምፅ፣ ጥርት አድርጎ «ሲከዳ ያምራል» ይላል። ሦስት ጊዜ አዳመጥኩት፣ ሦስቱንም ጊዜ «ሲከዳ» ነው። ወዳጅ አክባሪ ነው፣ ሲከዳ ያምራል።

ይህ በሌላ ቤት ቢሆን ይሳቅና ያልፍ ነበር። ያቺን ቤት ግን ባለቤቱ ከአንድ ባልንጀራው ጋር ነበር የከፈታት። አንድ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ አንድ ድንኳን ተጋርተው ያደሩ ሰዎች ናቸው። ሊዙ፣ የቤቱ ኪራይ ውል፣ ሲታደስ የባልንጀራው ስም አልገባም። እንዴት ሳይገባ እንደቀረ እኔ አላውቅም፣ አውቃለሁ የሚለው ሰው ግን ብዙ ነው። ያን ማታ ማዕዘኑ ጋ ሆነው ጠረጴዛ ሲደበድቡ የነበሩት የዚያ ባልንጀራ ዘመዶች ናቸው።

ባለቤቱ ማክሰኞ አስጠራኝ። ኩሽናው በር ላይ ሽንኩርት በጆንያ ተደርድሮ ነበር፣ እዚያው ቆመን ተነጋገርን። ማን እንደከፈለኝ ጠየቀኝ። ማንም እንዳልከፈለኝ ነገርኩት። «ቀ» ነው ያልኩት፣ ማይኩ ነው «ከ» ያደረገው አልኩት። ያቺን ማይክ ራሱ ነው የገዛት፤ ገመድ የሌላት፣ መብራት የምትረጭ፣ ከልጆች መጫወቻ ጋር አብራ የምትሸጥ ዓይነት። በዚያ ላይ ድምፅ የሚያስተጋባውን ኤኮ እስከ ጥግ ነበር የሚከፍተው። ሐበሻ ኤኮ ከሌለ ዘፈን የተዘፈነ አይመስለውም።

«ማይክ ሰው ይሰድባል?» አለኝ።

«የእኔን አፍ ታውቀዋለህ። ልሰድብህ ብፈልግ አንተ ሳይገባህ ነበር የምሰድብህ።»

ይህ እውነት ስለሆነ አልተከራከረኝም። ከዚያ ፍርዱን ሰጠ። «ማይኩ ነው ካልክ የራስህን ማይክ ይዘህ ና። የፊታችን ቅዳሜ፣ እዚያው ሰዎች ፊት፣ ያችኑ ስንኝ ዝፈናት። «ቀ» ከተሰማ ቅዳሜህ ያንተ ነው። «ከ» ከተሰማ በሩን ታውቀዋለህ።»

ሞኝ ፍርድ ነው አልኩ በሆዴ። የፈሰሰ ወሬ በስንኝ አይታፈስም። ግን ሌላ ቅዳሜ የለኝም። ሌሎቹ ቤቶች ዲጄ ነው የሚያስገቡት።

«ቀ»ንና «ከ»ን እኔ የማውቃቸው በሁለት መንገድ ነው። በአፌ ከእናቴ ጋር፣ በዓይኔ ግን እዚሁ ኮሎምበስ፣ ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ። ፊደል የቆጠርኩት ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት፣ እዚህ ከተወለዱ ሕፃናት ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው። የመጀመሪያው ቀን አንዱ ልጅ ይሄ ሰውዬ የማን አባት ነው ብሎ በእንግሊዝኛ ጠየቀ። የማንም አለመሆኔ ሲነገረው ወንበሩን አራቀ። የምታስተምረን ድሮ አገር ቤት መምህርት የነበረች ሴትዮ ናት፣ እትዬ ነው የምንላት። ሕፃናቱ «ቀ» ማለት አይችሉም ነበር፤ ሁሉንም «ከ» ያደርጉታል። እትዬ ወረቀት ቆራርጣ አደለችንና አፋችን ፊት እንድንይዘው አዘዘች። «ከ» ስትሉ ወረቀቱ ይርገበገባል፣ «ቀ» ስትሉ ዝም ይላል አለች። እውነት ነው። «ከ» ትንፋሽ አለው፣ «ቀ» ጉሮሮ ላይ ተቆልፎ በድንገት ይከፈታል እንጂ ንፋስ የለውም። ዕድሜዬን ሙሉ በዚህ ስበላ ኖሬ አንድም ቀን ልብ ብዬው አላውቅም። ልብ በማለቴም ያተረፍኩት ነገር አልነበረም፣ እስከዚያ ሳምንት ድረስ።

ሐሙስ ከሥራ ሺፍቴ ቀደም ብዬ ወጣሁና ከኪቦርድ ተጫዋቹ ጋር ክሊንተንቪል የሚባለው ሰፈር ሄድን። ሃይ ስትሪት ላይ አሮጌና አዲስ የሙዚቃ ዕቃ የሚሸጥ ቤት አለ። ኪቦርድ ተጫዋቹ ወሎዬ ነው፣ ቀን ዕቃ ያደርሳል፣ ሶላቱን ሰግዶ ቅዳሜ ይመጣል፣ መጠጥ አይቀምስም። ሰዎቹ ሲሰክሩ የሚያስታውሰው እሱ ብቻ ነው። ይዤው የሄድኩት እንግሊዝኛው ከእኔ ስለሚሻልና ጆሮው ሐበሻ ስለሆነ ነው። ዘፋኝ የራሱን ድምፅ በአጥንቱ ስለሚሰማው ማይኩ ውስጥ ምን እንደገባ አያውቅም። ከውጭ ቆሞ የሚሰማለት ሰው ያስፈልገዋል።

ሻጩ ጢማም ሰው ነው። ዕቃ ከማሳየቱ በፊት ጠየቀን፦ ቤቱ ስንት ሰው ይይዛል፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው ወይ፣ ስፒከሩ የት ነው የተሰቀለው። ስፒከሩ ከጭንቅላቴ በላይ መሆኑን ስንነግረው ፊቱ ተኮማተረ። ጠባብ ቤት ውስጥ ማይክ የሚመረጠው በሚሰማው ሳይሆን በማይሰማው ነው አለን። ሁሉን የሚሰማ ማይክ የስፒከሩን ድምፅ መልሶ ይውጠውና ያፏጫል። ጥሩ አድርጎ ነው የነገረን። ከዚያ እንዴት እንደምይዝ እንዳሳየው አንዱን ሰጠኝ። ያዝኩት። ቀስ ብሎ ጣቶቼን አንድ በአንድ ከማይኩ ራስ ላይ አነሣቸው። ማይክ የሚሰማው በፊቱ ብቻ አይደለም፣ ከጀርባው አየር ካላገኘ ድምፁ ይታፈናል አለ። ኪቦርድ ተጫዋቹ ሲተረጉምልኝ «ጋሼ፣ አንቀህ ገደልከው ነው የሚልህ» አለኝ።

የመጀመሪያው ማይክ በየመድረኩ የሚታየው፣ ራሱ ክብ የሆነው፣ ቢወድቅ የማይሰበረው ነው። ሻጩ ራሱ «ቼክ፣ ዋን፣ ቱ» አለበት፣ አማረ። እንግሊዝኛ ግን «ቀ» የለውም። ኪቦርድ ተጫዋቹን እዚያ ጊታሮቹ ጋ ፊቱን አዙሮ እንዲቆም አደረግሁት። «ቀዳ» ስል ቀኝ እጅ፣ «ከዳ» ስል ግራ እጅ ያነሣል።

«ቀዳ» አልኩ።

ግራ እጁን አነሣ።

«ቀዳ!»

ሁለቱንም አነሣ። ዞር ሳይል «ጋሼ፣ ይሄኛው ሁሉንም ያስታርቃል» አለ።

ድምፄን ያወፍረዋል፣ ከወገቤ በታች ሌላ ሰው የሚዘፍን ያስመስላል። ለሙሾ ይሆናል። ቃሉን ግን ጋቢ አልብሶ ነው የሚያወጣው። ሻጩ የምናደርገውን ካየ በኋላ ምን እንደምንለይ ጠየቀ። ሁለቱን ቃላት ነገርነው። ደጋግሞ ሞከራቸው፣ ሁለቱንም «ከዳ» አላቸው፣ ልዩነቱ አይሰማኝም ብሎ በግልጽ ተናገረ። አልዋሸም፣ እኔም አልተደነቅሁም። እትዬም ጋ የነበሩት ሕፃናት እንዲሁ ነበሩ።

ሁለተኛው ስስ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ የሚሠራበት ዓይነት፣ ከንፈር ሲላቀቅ እንኳ የሚሰማ። «ቀዳ» ስል ድንጋይ በድንጋይ የተመታ ያህል ጮኸ። ቀኝ እጅ። «ጠፋ» እና «ተፋ»ንም ሞከርኩ፣ «ቀለለ» እና «ከለለ»ንም፤ ሁሉንም ለየ። ወደድኩት። ኪቦርድ ተጫዋቹ ግን አንድ ኪቦርድ አበራና ከጎኔ መታ። ማይኩ ኪቦርዱንም፣ መንገድ ላይ የሚያልፈውን አውቶብስም፣ የሻጩን ሳልም አብሮ ዘፈነ። ሻጩ ስፒከሩን ወደ እኔ ሲያዞረው ቤቱ በፉጨት ተሞላ። «በዚህ ከዘፈንክ የማዕዘኑን ሰዎች ሐሜት ሁሉ ነው ለቤቱ የምታሰማው» አለኝ ኪቦርድ ተጫዋቹ። እሱም አንድ ነገር ነበር። ግን ተውነው።

ሦስተኛው ከበድ ያለ፣ መልኩ የማያምር፣ አሮጌ ነው። የሚሰማው ፊት ለፊቱን ብቻ፣ በጠባቡ ነው። ከንፈርህ ከፊቱ አንድ ስንዝር ዘወር ካለ ትቶህ ይሄዳል። ሻጩ በእጅ እንዳልይዘው መከረኝ፣ በማቆሚያው፣ በስታንድ ላይ አቁመው አለ። ሁለት ጣት ያህል ራቅ ብዬ ቆምኩ። «ቀዳ» አልኩ፣ ቀኝ። «ከዳ» አልኩ፣ ግራ። ስንኟን ሙሉዋን በዜማ ዘፈንኳት። ኪቦርድ ተጫዋቹ ቀኝ እጁን አንሥቶ ዞረና «ጋሼ፣ ለእኔ ውሃ ነው የሚቀዳልኝ፣ ስለዚህ ገለልተኛ ዳኛ ነኝ። ቀድቷል» አለኝ።

ገዛሁት። መኪና ውስጥ ስንገባ ግን አንድ ነገር ነገረኝ። ጠባቡ ማይክ ሰው «ተቀበል» ሲለኝ አንገቴን ወደ ሰውዬው ሳዞር ድምፄን ይጥለዋል። ስንኙን ለመስማት ዘወር፣ ለመዝፈን ደግሞ ወደ ማይኩ መመለስ አለብኝ። ለማሲንቆ ተጫዋች ይህ እንደ መታሰር ነው። እኛ ከሰውዬው ፊት ቆመን፣ ዓይኑን እያየን ነው የምንቀበለው። ዓርብን ከሥራ መልስ ቤቴ መኪና ማቆሚያ ላይ ማንም አያየኝም ብዬ አንገቴን ሳዞርና ስመልስ አመሸሁ ብል አልዋሸሁም። ጎረቤቴ አሜሪካዊት ሴትዮ አንገቴን አሞኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

ቅዳሜ ቤቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ቪድዮው ነው ያመጣቸው። ከሀብታሞቹ ሰፈር ከአፐር አርሊንግተን ድረስ የመጡ፣ እዚያ ቤት እግራቸው ረግጦ የማያውቅ ባለትልልቅ ቤቶች ነበሩ። የማዕዘኑ ሰዎችም ቦታቸውን ይዘዋል። ኤኮውን ኪቦርድ ተጫዋቹ አጠፋው፤ ባለቤቱ አየና ተወው። ድምፄ ያለ ኤኮ ሲወጣ ራቁቱን የቆመ ሰው መሰለኝ።

የትራክ ሾፌሩ እንደተነገረው ተነሣ። ነገሩ የተጀመረው በእሱ ስለሆነ እሱም ፈርቷል። «ተቀበል» አለና ያችኑ ስንኝ ቃል በቃል ሰጠኝ። ወደ እሱ ዞሬ ሰማሁ፣ ወደ ማይኩ ተመለስኩ፣ ሁለት ጣት ራቅ ብዬ ዘፈንኩ። «ቀ» ወጣች። እንዲያ ጥርት ብላ ስትወጣ ሰምቼ አላውቅም። ሽንት ቤት ያለ ሰው እንኳ «ሲቀዳ» እንዳልኩ ይመሰክራል።

ከዚያ ቤቱ ፈነዳ። ከባለፈው የበለጠ ሳቅ ነው። ከማዕዘኑ አንዱ ተነሥቶ «ይሄ ነው አዝማሪ! በ«ቀ» ሸፈናት!» አለ። ሌላው «ሰሙ መቅዳት፣ ወርቁ መክዳት» እያለ ለአፐር አርሊንግተኖቹ ያስረዳል። ያን ጊዜ ገባኝ። ባለፈው ሳምንት ስሕተት ነበረች። አሁን «ከ»ን ሁሉም በልቡ ይዞ ስለመጣ፣ «ቀ» ባጠራሁ ቁጥር ሆን ብዬ የደበቅሁት ይመስላል። ያጠራሁት ቃል የቅኔ ልብስ ሆነላቸው። ቃሉን የሚለይ ማይክ ገዛሁ፣ የሰሚውን ልብ የሚለይ ግን ሃይ ስትሪት ላይ አይሸጥም።

ባለቤቱ ያደረገውን አልጠበቅሁም። አንድ ጠርሙስ አነሣና ወደ ማዕዘኑ ሄደ። ሁሉም ስልኩን አወጣ። ለባልንጀራው ዘመዶች አንድ በአንድ፣ ብርጭቋቸው እስኪሞላ ቀዳላቸው። ሲጨርስ ጠርሙሱን ጠረጴዛቸው ላይ ትቶት ወደ ኩሽና ገባ። እነሱም ጠጡ። ምን ያድርጉ።

በነጋታው ከቅዳሴ መልስ ባለቤቱ ስልክ ደወለልኝ። ና አለኝ፣ ሄድኩ። ምግብ ቤቱ ውስጥ አንድ ቤተሰብ ቁጭ ብሎ ይበላል፣ ልጆቹ በእንግሊዝኛ ይጨቃጨቃሉ። ባለቤቱ መድረኩ ላይ ያለውን ማይኬን እያየ ተናገረ።

«ቃሉ ተሰምቷል። «ቀ» ነው ያልከው። አልዋሽብህም።»

«እንግዲህ?»

«እንግዲህ ቅዳሜህ ያንተ ነው። ከሰው ግን አትቀበል። ያጠናኸውን ዘፈን ትዘፍናለህ፣ ትወርዳለህ።»

አዝማሪን አትቀበል ማለት ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳው አሰብኩና ተውኩት። እሱ ያውቃል። ስለሚያውቅ ነው ያለኝ። ሰዎቹ የሰሙትን እኔ እንዳላልኩት ደግሞ ከእኔ እኩል ያውቃል፤ በአደባባይ ግን አንዳችንም ልናረጋግጠው አንችልም። እሺ አልኩት። ስንት ሰዓት መምጣት እንዳለብኝ ጠየቅሁት፣ እንደ ወትሮው አለኝ። ምሳ ብላ አለኝ፣ በልቻለሁ አልኩት፣ አልበላሁም ነበር።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ የሠርግ ዘፈን፣ የትዝታ ዘፈን፣ ሌላ ሰው የገጠመውን እዘፍናለሁ። ማይኩ ድንቅ ነው። አንዷም ፊደል አትጠፋም። ቤቱ እንደ ድሮው አይሞላም፣ ግን ባዶም አይደለም። ባለፈው አንድ ከዴይተን የመጣ እንግዳ፣ ነገሩን የማያውቅ፣ ከኋላ ወንበር ተነሥቶ እጁን ዘርግቶ «ተቀበል!» አለኝ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ባለቤቱ ብርጭቆ እየወለወለ ነበር፣ ቀና አላለም።

ዓይኔን ማይኩ ላይ አደረግሁና ለኪቦርድ ተጫዋቹ ቀጣዩን ዘፈን ልነግረው ዘወር አልኩ። እሱ ግን ቀድሞኝ ጀምሮት ነበር።